መልእክቱ የት ያድራል? ለስታቲክ ድረ ገጽ የመገናኛ ቅጽ አመራረጥ

ባለፈው ጥምቀት ማግስት ፋሲል ግቢ በር ላይ አንድ አስጎብኚ ወዳጄን ሁለት ፈረንጆች አስቆሙት። መልኩን ከድረ ገጹ ላይ አይተው ነው የለዩት። «ሁለት ጊዜ ጽፈንልህ መልስ ስናጣ ሌላ ሰው ያዝን» አሉት። ድረ ገጹን የሠራሁለት እኔ ነኝ፤ የመገናኛ ቅጹንም እንዲሁ። ቅጹ «መልእክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ይል ነበር። አልደረሰም። ማታ ፒያሳ ቡና ይዘን ስንቀመጥ ወዳጄ ብዙ አልተናገረም። «ወንድሜ፣ ቅጹ ባይኖር እኮ ስልክ ይደውሉልኝ ነበር» ብሎ ዝም አለ።

ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው ቅጽ ስሠራ ቀድሜ የምጠይቀው ስለ መልኩ ወይም ስለ ዋጋው አይደለም። መልእክቱ የት ያድራል? የምለው ይህን ነው።

በየመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት የሚባል ክፍል አለ። ደብዳቤ ይዘው ሲሄዱ ኃላፊው ኖሩም አልኖሩም ደብዳቤው እዚያ ገቢ ይሆናል፤ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኃላፊው የሚመራው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ቢሆኑ፣ መስክ ቢወጡ፣ ደብዳቤው ገቢ ሆኗልና ተፈልጎ ይገኛል። የእኔ ቅጽ መዝገብ ቤት አልነበረውም። ደብዳቤውን ከላኪው እጅ ተቀብሎ በመስኮት ወደ ኃላፊው ቢሮ ይወረውር ነበር። መስኮቱ የተዘጋ ዕለት ወረቀቱ ነፋስ ወሰደው።

ስታቲክ ድረ ገጽ በራሱ መዝገብ ቤት ሊሆን አይችልም። አስቀድመው ተጽፈው የተቀመጡ ፋይሎች ስብስብ ነው፤ ለጠየቀው ሁሉ ፋይሉን ይሰጣል እንጂ ከማንም ምንም አይቀበልም። ጊትሀብ ፔጅስ በሚባለው የድረ ገጽ ማስቀመጫ ላይ ባለ ገጽ ውስጥ ቅጽ አስገብተው ወደዚያው እንዲልክ ቢያደርጉት የሚመለስልዎት 405 የሚል የስህተት ቁጥር ነው፤ «በዚህ መንገድ እዚህ አይላክም» እንደ ማለት። ስለዚህ ገጹ ባለበት ይቆይና የተጻፈውን የሚቀበል ትንሽ ፕሮግራም ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ምርጫው ሁሉ ያ ሌላ ቦታ የት ይሁን ነው።

ጨርሶ ቅጽ ባይኖርስ?

ቅጽ የማያስፈልገው ሰው አለ። በወር አንድ ሁለት ሰው የሚጽፍለት ሠዓሊ የኢሜል አድራሻውንና የቴሌግራም ስሙን ከገጹ ግርጌ ቢያስቀምጥ ይበቃዋል። ላኪው ዘንድ ቅጂ ስለሚቀር መልእክቱ እንደ እኔ ቅጽ ድምፅ ሳያሰማ አይጠፋም። ዕዳው አድራሻ ለቃሚ ፕሮግራሞች ገጹን እያነበቡ አይፈለጌ መልእክት ማብዛታቸው ነው። ደግሞም ሲጫኑት የኢሜል ፕሮግራም የሚከፍተው ማስፈንጠሪያ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ባልተዘጋጀበት ኮምፒውተር ላይ ምንም ሳያደርግ ይቀራል። ለአስጎብኚ ግን ይህ አይበቃም፤ ፈረንጁ ቴሌግራም ላይኖረው ይችላል፣ የአገር ሰው ደግሞ ኢሜሉን ከከፈተ ወር አልፎታል። ቅጽ እነዚህን ሁለቱን ያገናኛል።

የሰው ቤት፦ አዘጋጅተው የሚያከራዩ

ፎርምስፕሪና የመሳሰሉት አገልግሎቶች፣ ገጹ ኔትሊፋይ ላይ ካለም የኔትሊፋይ ቅጽ፣ በአሥር ደቂቃ ይሠራሉ። መዝገብ ቤት አላቸው፤ መልእክቱን በራሳቸው ዘንድ አስቀምጠው ቅጂውን በኢሜል ይልካሉ። ነጻው ደረጃ በወር የተወሰነ ቁጥር ብቻ ይቀበላል። ከዚያ ሲያልፍ በዶላር ክፈሉ ይላሉ፤ ከጎንደር ሆኖ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ማግኘት ምን እንደሚመስል ለዚህ አንባቢ አላብራራም። የወዳጄ ሥራ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ከገና እስከ ጥምቀት የሚፈላ ነው፤ ወርኃዊ ገደብ የሚያንቀው በትክክል ያን ጊዜ ነው። የጉግል ቅጽ ነጻ ነው፣ መልሱንም በሠንጠረዥ ያኖራል፤ በገጹ ውስጥ ሲገባ ግን ከሰው ልብስ የተቀደደ ጥብቆ ይመስላል። መልኩ የማያሳስብዎ ከሆነ ይውሰዱት፤ እኔ አልወደውም።

ፒኤችፒ በኪራይ ሆስቲንግ

በርካታው አንባቢ የሚደርስበት ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ። ፒኤችፒ በሰርቨር ላይ የሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ለዚህ ዓይነት ሥራም እንግዳ አይደለም። ራስመስ ሌርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲያወጣው የግል ድረ ገጽ ማስተዳደሪያ መሣሪያ ነበር፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። በጋራ ሆስቲንግ፣ ማለትም ብዙ ድረ ገጾች በሚጋሩት የኪራይ ሰርቨር ላይ፣ ያለ ጭነትና ያለ ዝግጅት ይሠራል፤ አገር ውስጥ በብር የሚከፈሉ ሻጮችም አሉ። ገጹ ጊትሀብ ላይ ይቆይና ቅጹ ብቻ ወደ ሆስቲንጉ ሊልክ ይችላል። ብራውዘሩ ተራውን የቅጽ አላላክ ከተጠቀመ ዶሜይኑ (የድረ ገጹ ስም) የተለያየ መሆኑ አያግደውም፤ በጃቫስክሪፕት፣ ማለትም ብራውዘሩ ውስጥ በሚሠራ ኮድ፣ የሚልኩ ከሆነ ግን ተቀባዩ የገጽዎን ዶሜይን በግልጽ መፍቀድ አለበት። እኔ ተራውን እመርጣለሁ። ኔትዎርክ ሲንቀራፈፍ ጃቫስክሪፕቱ ሳይወርድ የሚቀርበት ቀን ብዙ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ፤ ሁለት ነበሩ።

አንደኛ፣ የፒኤችፒ የመላኪያ ትእዛዝ «እሺ» ብሎ ሲመልስ አመንኩት። እሺታው ግን በዚያው ማሽን ላይ ያለው ፖስተኛ ደብዳቤውን ተቀበለ ማለት ብቻ ነው፤ ለተቀባዩ መድረሱን አይናገርም። የፒኤችፒ መመሪያ ራሱ ይህንኑ ያስጠነቅቃል፤ እኔ ግን ሳላነብ አልፌዋለሁ።

ሁለተኛ፣ «ላኪ» በሚለው መስመር ላይ የጎብኚውን አድራሻ አስገባሁ። የጻፈው እሱ ስለሆነ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ከያሁ አድራሻ የተላከ ነኝ የሚል ደብዳቤ ከማይታወቅ የሆስቲንግ ማሽን ሲመጣ፣ ተቀባዩ ሰርቨር የያሁን መመሪያ ያያል። ያሁ ደግሞ ከአፕሪል 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዲማርክ በሚባለው ሥርዓት «ማረጋገጫዬ የሌለውን አትቀበሉ» ብሎ አውጇል። ሁለቱ ፈረንጆች የጻፉት ከያሁ ነበር። እኔ ስሞክረው የነበረው ከጂሜይል ስለሆነ ሁልጊዜ ይደርሰኝ ነበር፤ ሁልጊዜ መድረሱም አዘናጋኝ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በላኪው መስመር ላይ የራስዎ ዶሜይን አድራሻ ይግባ፤ የጎብኚው አድራሻ «መልስ ወደ» በሚለው መስመር ላይ ይቀመጥ። ያኔ «መልስ» ሲጫኑ በቀጥታ ወደ ጎብኚው ይሄዳል። በዶሜይኑ መዝገብ ላይ ኤስፒኤፍና ዲኪም የሚባሉትን ሁለት ማረጋገጫዎች ያስገቡ፤ ጉግል ከፌብሩዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ ጂሜይል የሚልክ ሁሉ ቢያንስ አንዱ እንዲኖረው ይጠይቃል። ደብዳቤውንም በተራው ትእዛዝ ሳይሆን 587 ቁጥር በሚባለው የኢሜል መላኪያ በር፣ በስምና በይለፍ ቃል፣ ከእውነተኛ የኢሜል መለያ ይላኩት። ተራ የጂሜይል መለያ በቀን 500 ደብዳቤ ይፈቅዳል፤ ለግል ድረ ገጽ ከበቂ በላይ ነው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከፍተው ለፕሮግራሙ ብቻ የሚሆን የይለፍ ቃል ማውጣት እንዳለብዎ ግን አይርሱ።

ይህን ሁሉ አድርጌም መዝገብ ቤቱን አልተውኩም። ፕሮግራሙ መልእክቱ እንደ ደረሰው ቀድሞ ኤስኪውላይት በሚባል ባለ አንድ ፋይል የመረጃ ቋት ውስጥ ይጽፈዋል፤ ቁጥርና ሰዓት ይሰጠዋል፤ ከዚያ ነው ኢሜሉን የሚልከው። ኢሜሉ ቢከሽፍ ረድፉ «አልተመራም» የሚል ምልክት ይዞ ይቆያል። ለጎብኚውም «ደርሶናል» የምለው መዝገቡ ላይ ከሰፈረ በኋላ ብቻ ሆነ። ፋይሉ የሚቀመጠው ለሕዝብ ክፍት ከሆነው አቃፊ ውጭ፣ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ነው። እዚያው ድረ ገጹ አቃፊ ውስጥ ቢተዉት አድራሻውን የገመተ ሁሉ የእንግዶችዎን ስልክ አውርዶ ይሄዳል። ይህን የምለው እንደ ሩቅ ፍርሃት አይደለም፤ አንድ ቀን የሌላ ሰው መዝገብ እንዲህ ተከፍቶ አይቻለሁ።

የፒኤችፒው መንገድ ሌላው ዕዳ ንቃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፎርምሜይል የተባለ የመላኪያ ፕሮግራም በየድረ ገጹ ተተክሎ ነበር፤ አጭበርባሪዎች ተቀባዩን እየቀየሩ የዓለምን አይፈለጌ መልእክት በእሱ አሻገሩ። ስለዚህ የተቀባዩ አድራሻ በቅጹ ውስጥ ሳይሆን በፕሮግራሙ ውስጥ ይጻፍ። በስምና በኢሜል ሳጥን ውስጥ አዲስ መስመር የሚጀምር ምልክት ከተገኘ መልእክቱ ይጣል፤ በእሱ በኩል ነው ተጨማሪ ተቀባዮችን የሚያስገቡት። ፒኤችፒሜይለር የተባለው ታዋቂ መሣሪያ እንኳ በዲሴምበር 2016 እ.ኤ.አ. የላኪውን አድራሻ በመጠቀም ሰርቨሩን የሚያስይዝ ክፍተት ተገኝቶበት በአስቸኳይ ታድሷል። ተክሎ መርሳት የለም።

የራስ ሰርቨር፣ ወርከርስ፣ የቤት ማሽን

ቪፒኤስ፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ እርስዎ የሚያዙበት የኪራይ ሰርቨር፣ ሁሉን ያስችላል። ለአንድ ቅጽ ብቻ ከሆነ ግን ለአንዲት ዶሮ በረት መሥራት ነው። እድሳቱ፣ ምስጠራው፣ ጥበቃው ሁሉ በእርስዎ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ብዙዎቹ አከራዮችም ኢሜል የሚወጣበትን 25 ቁጥር በር ዘግተው ነው የሚሰጡት፤ ስለዚህ የራሴን ኢሜል ሰርቨር አቆማለሁ ብለው ከሆነ ገና ከበሩ ይመለሳሉ። ሌላ የሚያሠሩት ፕሮግራም ካለዎት ብቻ ይግቡበት።

ክላውድፍሌር ወርከርስ ደግሞ ሰርቨር ሳይከራዩ ትንሽ ኮድ ብቻ የሚሰቅሉበት ነው። ነጻው ደረጃ በቀን 100,000 ጥያቄ ያስተናግዳል፤ ዲ1 የሚባለውና በኤስኪውላይት ላይ የተሠራው ቋቱ መዝገብ ቤት ይሆናል። የራስ ቅጽ ነው ወይ? ቢሉኝ፣ ዕቃው የእርስዎ ነው፣ ቤቱ ግን የሌላ ሰው ነው እላለሁ። ነገ ደንቡ ቢቀየር ኮዱን ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር ማስተካከል ይኖርብዎታል። ጃቫስክሪፕት ለሚያውቅ ወጣት ግን ከፒኤችፒው ይልቅ ይህ ይቀለዋል፤ ደግሞም ሆስቲንግ ላይ የሚያወጣውን ብር ያተርፋል።

ራዝበሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ገዝቶ ሳሎን ውስጥ ቅጹን ማስተናገድ የሚያምር ሐሳብ ነው። እኔም ሞክሬዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ቅጹ ይጠፋል፤ መብራቱ ሲመለስ የቤቱ መስመር አድራሻ ተቀይሮ ይጠብቃል። መዝገብ ቤት ከኃላፊው ጋር አብሮ የሚተኛ ከሆነ ጥቅሙ ምንድን ነው? የመዝገቡ ዋና ፋይዳ ጎንደር ውስጥ ኢንተርኔት በተቋረጠ ሰዓት እንኳ መልእክቱ ሌላ ቦታ ገቢ ሆኖ መጠበቁ ነው። ለመማሪያ ይሁን፤ ለእንጀራ አይሁን።

ኢሜል ወይስ ቴሌግራም?

መልእክቱ ገቢ ከሆነ በኋላ ለባለቤቱ እንዴት ይነገር? ወዳጄ ኢሜል አይከፍትም፤ ቴሌግራም ግን ከእጁ አይለይም። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለቦቶች፣ ማለትም በፕሮግራም ለሚንቀሳቀሱ መለያዎች፣ ክፍት በር አለው። ቦቶችን ከሚመዘግበው ከቦትፋዘር የምስጢር ቁልፍ ተቀብለው ፕሮግራሙ በእሱ መልእክቱን ይልካል፤ አንድ መልእክት እስከ 4096 ፊደል ይይዛል። ባለቤቱ አስቀድሞ ቦቱን «ጀምር» ካላለው በስተቀር ቦቱ ቀድሞ ሊያናግረው አይችልም፤ ይህን ባለማወቅ ግማሽ ቀን ያባከነ ሰው አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ። የምስጢር ቁልፉን በገጹ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያስቀመጡ ሌሎችም አሉ። የገጹን ኮድ ያየ ሁሉ ቦቱን ይወርሰዋል፤ ቁልፉ ከተቀባዩ ፕሮግራም ጋር ብቻ ይኑር።

ኤስኤምኤስስ? በአማርኛ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ በላቲን 160። ሰላምታው ሳያልቅ ሂሳቡ ያልቃል።

ለፊደላችን የሚሆን ቅጽ

ከውጭ የተገለበጡ ቅጾች እዚህ ላይ ያፍራሉ። አንዳንዶቹ ስም ከላቲን ፊደል ውጭ አይቀበሉም፤ «ጌታቸው» ብሎ የጻፈውን «ትክክለኛ ስም ያስገቡ» ይሉታል። ሌሎቹ የቤተሰብ ስም ካልተሞላ አያልፉም፤ እኛ ደግሞ ያለን የአባት ስም ነው። አንድ «ስም» የሚል ሳጥን ብቻ ይበቃል፤ ሰውዬው የፈለገውን ይጻፍበት።

በዩቲኤፍ-8፣ ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ደንብ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ሰላም» ዘጠኝ ባይት ነው። ፕሮግራሙ ርዝመቱን በባይት የሚቆጥር ከሆነ 1000 ብለው የወሰኑት ገደብ አማርኛ ጸሐፊውን 333ኛው ፊደል ገደማ ላይ ይቆርጠዋል፤ እንግሊዝኛ ጸሐፊው ሲተርክ ይውላል። በፒኤችፒ ፊደል የሚቆጥረውን ትእዛዝ ይጠቀሙ። የኢሜሉ ርእስም በአማርኛ ከሆነ እንደ ደንቡ ተቀይሮ ካልተላከ ተቀባዩ ዘንድ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሆኖ ይደርሳል።

ቀንና ሰዓት ለአስጎብኚ ትልቅ ጉዳይ ነው። የብራውዘሩ የቀን ሳጥን የሚልከው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጥምቀት ጥር 11 ብዙውን ጊዜ ጃንዩዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነችበት ጊዜ ግን በተከታዩ ጥር ጃንዩዋሪ 20 ይሆናል። ከቀኑ አጠገብ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፉ። ሰዓቱንም እንዲሁ፤ «3 ሰዓት» ለእኛ ጠዋት ነው፣ ለእንግዳው ከሰዓት በኋላ።

አይፈለጌ መልእክት

ቅጹ በወጣ በሳምንቱ ሮቦቶች ይደርሱበታል። በስዕል የሚያረጋግጡትን አልወዳቸውም፤ ከአዘዞ የሚጽፈውን ሰው የአሜሪካን የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃ ከስዕል ለይ ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ገጹንም ያከብዱታል። እኔ የምጀምረው ለሰው ዓይን የተሰወረ ባዶ ሳጥን በማስገባት ነው። ሮቦቱ ያገኘውን ሁሉ ስለሚሞላ ሳጥኑ ከተሞላ መልእክቱ ወደ ጎን ይደረጋል። ብራውዘሩ ራሱ በስህተት እንዳይሞላው ስሙ «ኢሜል» ወይም «ስልክ» አይሁን። ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በሰዓት ከአምስት በላይ አለመቀበል፣ ከሁለት በላይ ማስፈንጠሪያ ያለውን ለይቶ ማቆየት። እነዚህ ሦስቱ ለግል ድረ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃሉ። ካልበቁ የክላውድፍሌር ተርንስታይል አለ፤ ስዕል አያስለይም። የተጠረጠረውን መልእክት ግን አያጥፉት፤ ምልክት አድርገው በመዝገቡ ላይ ያቆዩት።

ስለ ማቆየት ካነሳን፣ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚይዝ ሁሉ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። የማያስፈልግዎትን አይጠይቁ። የፓስፖርት ቁጥር በመገናኛ ቅጽ ላይ ምን ይሠራል? የወዳጄ መዝገብ ከስድስት ወር ያለፈውን ራሱ ይሰርዛል።

ታዲያ የትኛውን?

ጥቂት ሰው የሚጽፍለት ሠዓሊ ወይም መምህር አድራሻውን ገጹ ላይ ይጻፍ፤ ቅጽ አያስፈልገውም። ኮድ መንካት የማይፈልግ፣ መልእክቱም በወር ከጥቂት አሥሮች የማያልፍ ሰው ነጻውን ፎርምስፕሪ ይያዝ። ሆስቲንግ በብር የሚከፍል፣ በሥራውም እንግዳ የሚቀበል ሰው ፒኤችፒውን ከነመዝገቡ ይትከል፤ እኔ ለወዳጄ ያደረግሁት ይህን ነው። ጃቫስክሪፕት የሚያውቅ፣ ወጪ የማይፈልግ ወርከርስን ይምረጥ። ቪፒኤስና የቤት ማሽን ሌላ ምክንያት ላለው ናቸው።

የትኛውንም ቢመርጡ ለሰው ከማሳየትዎ በፊት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሞክሩት። ከጂሜይል፣ ከያሁና ከሌላ አንድ አድራሻ ይጻፉ። አንዱን ሙሉ በሙሉ በአማርኛ፣ ከ400 ፊደል አስበልጠው። ከዚያ ሆን ብለው የኢሜሉን የይለፍ ቃል ያበላሹና ይላኩ፤ ቦቱንም ያቁሙት። ኢሜል አይመጣም፣ ቴሌግራም አይጮኽም። መዝገቡን ሲከፍቱ መልእክቱ ቁጥርና ሰዓት ይዞ «አልተመራም» ተብሎ ከተገኘ የይለፍ ቃሉን መልሰው ያስተካክሉና አድራሻውን ለወዳጅዎ ይስጡት። ካልተገኘ ቅጹን ከገጹ ላይ አንስተው ስልክ ቁጥሩን ይጻፉበት።